በእሷ እጅ የተጻፈው የእሱ ድርሰት

አንዲት ሴት ያልደረሰችውን ድርሰት ደርሰሻል ተብላ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተባርራለች። ድርሰቱን የደረሰው ሰው በዚያው ድርሰት አልፎ ተመርቋል። ሁለቱንም ውሳኔ ያሳለፈው አንድ ኮሚቴ ነው፤ ከሁለቱም ግርጌ የሰፈሩት ፊርማዎች የእነዚያው ሰዎች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ጉዳዩ ተሸፋፍኖ «ያች የዲሲፕሊን ነገር» እየተባለ በየኮሪደሩ ሲንሾካሾኩበት መስማት ስለ ታከተኝ ነው። እኔም በዚያው ኮሌጅ፣ በሌላ ትምህርት ክፍል አስተምራለሁ። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ረቂቆቹን አይቻለሁ። በክፍሉ የነበሩትን ሰዎች በየቤታቸውና በየሥራ ቦታቸው ሄጄ አነጋግሬአለሁ። ከዚህ በታች የሰፈረው ከዚያ የተገኘ ነው።

ሴትዮዋ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ረዳት ናት። ሥራዋ መጻሕፍት መደርደር፣ የተገነጠሉትን በማጣበቂያ መጠገንና ልጆቹ እንዳይንጫጩ መጠበቅ ነው። የመጨረሻውን ብዙም አትጨነቅበትም። አንድ ልጅ መጽሐፍ መልሶ «አልወደድኩትም» ሲላት፣ ሌሎች እንደሚያደርጉት ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አትወረውረውም። «የት ላይ ነው የሰለቸህ? አሳየኝ» ትለዋለች። ልጁ ገጹን ፈልጎ ያሳያታል። «እዚህ ጋ ሳትደርስስ?» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ልጁ መጽሐፉን ደግሞ ይዞት ይሄዳል።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት አንድ ቀን ይህን በር ላይ ቆመው ሰሙ። ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ሰው ማሞገስ አይሆንላቸውም።

«አንቺ እዚህ መደርደሪያ መሐል ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት።

«መጽሐፍ እደረድራለሁ፣ እትዬ።»

«እሱንማ አየሁ። የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ ጡረታ መውጫዋ ደርሷል። የማስተማር ምስክር ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ክፍሉ ያንቺ ነው።»

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ነው፤ የተወሰደባትም ይኸው ነው፤ በመስኮቱ በኩል ሁልጊዜ የምታየው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ያለው የሦስተኛ ክፍል መማሪያ ክፍል።

ኮሌጁ ለሠራተኞች የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር አለው። በዚያ ተመዘገበች። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ቦርሳ አንግታ ስትወጣ ሲያዩ ሳቃቸው መጣ።

«በዚህ ዕድሜሽ ቦርሳ ተሸክመሽ ትምህርት ቤት?»

«ታዲያ ተሸካሚ ልቅጠር እንዴ፣ እማዬ?»

«ምላስሽን ቢመዝኑልሽማ ዛሬውኑ ትመረቂ ነበር» አሉና በሩን ዘጉባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቅዳሜ ጠዋት ቀስቃሿ እሳቸው ሆኑ፤ አንድም ቀን አላረፈደችም።

የድርሰት ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮቶቹ ወደ መኪና ማቆሚያው ይከፈታሉ። ሰሌዳው ከመጠራረግ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ ከኋላ ረድፍ ካሉት ወንበሮች አንደኛው እግሩ አጭር ስለሆነ የተቀመጠበት ሰው ሲያስብ ይወዛወዛል። አስተማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ። የሚገባውን ልስጠው፦ ያመጣው አሠራር ጥሩ ነበር፤ ከእኔም ከሌሎችም የተሻለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪው ረቂቁን ራሱ ጮክ ብሎ ለጓደኛው ያነባል። ጓደኛው በመሐል አያቋርጥም። ንባቡ ሲያልቅ በመጀመሪያ የገባውን በራሱ ቃል ይናገራል፤ ቀጥሎ ሐሳቡ የሸሸበትን ቦታ ያመለክታል፤ በመጨረሻ ይጠይቃል። እርማት አይሰጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንባቢ ብዕር አይይዝም። አስተማሪው ይህን ሲያስረዳ፣ «ብዕር የያዘ አንባቢ ሳያውቀው የራሱን ድርሰት በሰው ወረቀት ላይ ይጽፋል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ይህን ቃል ከተማሪዎቹ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው እሷ ነበረች። ለመጻፍ እንዳይፈትናት ሰው ሲያነብላት ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ትቀመጣለች። የክፍሉ ሰዎች ይህን ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል።

መጀመሪያ ላይ ማንም የሚረባ ነገር አይናገርም ነበር። ግማሹ «ቆንጆ ነው፣ በርታ» ብሎ ስልኩን ይነካካል። ሌላው ደግሞ ተናግሮ የማያውቀውን ሁሉ እዚያ ላይ ያወርደዋል። እሷ ከሁለቱም አልሆነችም። ተራው የነርሷ ነበር፤ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የምትሠራ፣ የጤና ትምህርት ለማስተማር የምትማር ሴት። ድርሰቷ «ጤና ለሰው ልጅ እጅግ አስፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው» ብሎ ይጀምራል። አንብባ ስትጨርስ፣

«ከታወቀ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለቻት።

ክፍሉ ሳቀ። ነርሷ ፊቷ ቀላ። «ታዲያ አንቺ በምን ትጀምሪው ነበር?»

«እኔማ አልጀምረውም፤ ድርሰቱ ያንቺ ነው። ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ መድኃኒቱን ትራሱ ሥር የሚደብቅ ልጅ አለ አይደል? እሱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሰሌዳ የምታነቢ ነበር የምትመስዪው። ለምን ነበር የሚደብቀው?»

ነርሷ ወረቀቷን አጠፈች፤ ዘረጋች። «ከዳነ ወደ ቤት እንደሚመልሱት ያውቃል» አለች በመጨረሻ። «ወደ ቤት መመለስ አልፈለገም።»

«ይህን አልጻፍሽውም።»

«አልጻፍኩትም።»

«ለምን?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ የነርሷ ድርሰት ከትራሱ ጀመረ። አንብባ ስትጨርስ፣ ከኋላ ረድፍ፣ ከሚወዛወዘው ወንበር ላይ፣ «እግዜር ይጠብቀን፤ እመት ለምን ወደ እኔም ልትመጣ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስሙ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጸደቀባት፤ እመት ለምን።

ስሙን ያወጣላት ሰውዬ ቀለም ቀቢ ነው። የቤት ግድግዳ ይቀባል፤ ሥዕል ለማስተማር ይማራል። ጣቶቹ የየሳምንቱን ሥራ ያሳብቃሉ፤ አንድ ቅዳሜ አረንጓዴ፣ ሌላ ቅዳሜ ክሬም። የመጀመሪያ ረቂቁ «ሥራና ጥቅሙ» ይላል። አነበበላት። እጆቿን ከጭኗ ሥር ሳታወጣ፣

«አንተን ፈልጌ አጣሁህ» አለችው።

«እዚያው ነኝ፣ እትዬ። ስሜ ከላይ ተጽፏል።»

«ስምህንማ አየሁት። ሰውየው የለም። ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ግድግዳ።»

«የማን?»

«የአንድ ሽማግሌ መኝታ ቤት። ታመው ተኝተዋል። አልጋውን እናንሣና እንቅባ ስንላቸው፣ ‹አልጋዬን የነካ አብሮኝ ይነሣል› ብለው ጮኹብን። ዙሪያውን ቀብቼ ወጣሁ።»

«ከአልጋው ጀርባ ያለውስ?»

«አልተቀባም። ማን ያየዋል?»

«እኔ እንጃ። አንተ ግን አየኸው።»

ቀለም ቀቢው ሳይቀልድ ረቂቁን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለዚያ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነበር ይላሉ የሚያውቁት ሁሉ። ከሳምንታት በኋላ ሽማግሌው ሞቱ፤ አልጋው ሲነሣ አሮጌው ቀለም በአልጋው ቅርጽ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ተገኘ። ቤተሰቡ መልሰው ጠሩት። ቀሪውን ሊቀባ ያንኑ ቀለም ይዞ ሄደ። የሽማግሌው ባለቤት ግን በሩ ላይ ቆመው፣ «ተወው ልጄ፤ እሳቸው እንደ ተዉት ይቆይ» ብለው መለሱት። ይህን መጥቶ ሲያወራላት፣ ሌላ አልተናገረችም፤ «አሁን መጣህ» ብቻ አለችው። ድርሰቱ ተወለደ። የመጀመሪያ አጋማሹን በራሱ እጅ፣ በእነዚያ ቀለም ባልለቀቃቸው ጣቶች ጻፈ። ያ ረቂቅ አለ፤ አይቼዋለሁ።

የመጨረሻው ቅጂ በክፍል ውስጥ የሚጻፍና ለውጤት የሚሰበሰብ ነው። ዕለቱ ሲደርስ ቀለም ቀቢው ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሮ መጣ። ከመሰላል ወድቆ ነው። «ቀለሙ ሳይደፋ እኔ ተደፋሁ» እያለ ሰውን ያስቃል፤ ፊቱ ግን ዐመድ መስሏል። ፈተናው ካመለጠው ዓመቱን መድገሙ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በክፍሉ የነበሩት ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል ሰጥተውኛል። እመት ለምን እጇን አወጣች። «መምህር፣ እሱ ይናገር፤ እኔ ልጻፍለት ይፈቅዱልኛል?» አለች። አስተማሪው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ጻፊለት፣ ጻፊለት፤ ጊዜ አናባክን» አለ። ነርሷ ከፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ነበረች። በራሷ ጆሮ ሰምታለች።

ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ያለውን ሁሉ ጻፈች፤ ያላለውን አልጻፈችም። መሐል ላይ ቀለም ቀቢው፣ «ቀለም ማለት የግድግዳ ልብስ ነው» አለ። ብዕሯን አቆመች።

«ይህችን አልወደድኳትም።»

«ድርሰቱ የማን ነው?»

«ያንተ።»

«እንግዲህ ጻፋ፣ እመት ለምን።»

ጥርሷን ነክሳ ጻፈችው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የዚያን ዓመት ድርሰቶች አንብበው ደነገጡ። ደስ ሊላቸው በተገባ ነበር። ለዓመታት በየስብሰባው «የማታና የእሑድ ተማሪ መጻፍ አይችልም» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የሚችል ክፍል ገጠማቸው። በሁለት መንገድ ሊወጡት ይችሉ ነበር። አንደኛው ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። እሳቸው ሁለተኛውን መረጡ፤ የቀለም ቀቢውን ድርሰት ከእመት ለምን ድርሰት ጎን አስቀምጠው የእጅ ጽሕፈቱ አንድ መሆኑን አረጋገጡ። ይህን ለማረጋገጥ ትልቅ ምርመራ አያስፈልግም ነበር፤ ማንም አልደበቀውም።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩት፦ ኃላፊው፣ ሬጅስትራሯና ከተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ የመጡ አንድ ሰው። አስተማሪው በምስክርነት ተጠራ። ቃለ ጉባኤው እንደሚለው ኃላፊው አንዲት ዐረፍተ ነገር መርጠው አነበቡ፤ «ቀለም ማለት የግድግዳ ልብስ ነው።» ከዚያም፣ «እንዲህ ያለ አገላለጽ ከአንድ ግድግዳ ቀቢ አፍ አይወጣም፤ የዚህች ሴት ብዕር ነው» አሉ። ከድርሰቱ ሁሉ እሷ የተቃወመቻትን አንዷን ዐረፍተ ነገር መርጠው ለእሷ ሰጧት ማለት ነው። ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር እንዳቃታትና ይህም «የንቀት ምልክት» ተብሎ በቃለ ጉባኤው እንደ ተመዘገበባት ልብ ይሏል።

«ዶክተር፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «ሰውየው ውጭ ተቀምጧል። ይግባና ድርሰቱን በአፉ ይንገራችሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁት። እኔን አስወጡኝ። ካላወቀው እኔ ጥፋተኛ ነኝ።»

«ተረት ልንሰማ አልተሰበሰብንም» አሉ ኃላፊው።

አስተማሪው ተጠየቀ፤ ቃል እየተነገረ እንዲጻፍ ፈቅዶ ነበር? መልሱ እንዲህ ነው፤ «እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠቴን አላስታውስም።» ቃሉን እንዳለ ያሰፈርኩት ምርጫው የታሰበበት ስለሆነ ነው። አልፈቀድኩም አላለም። አልፈቀድኩም ቢል ውሸት ይሆናል፤ ፈቅጃለሁ ቢል የዕድገት ማመልከቻው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የተተኮሰው ሸሚዙ ሳይጨማደድ በመሐከሉ አለፈ።

«መምህር» አለችው፣ «ወደ እኔ ይመልከቱ እስቲ።»

አልተመለከተም።

ነርሷና ሌሎች ተማሪዎች ለምስክርነት ቀርበው ነበር። የክፍሉ ተማሪዎች «ከተከሳሿ አስተያየት ተጠቃሚ በመሆናቸው» ቃላቸው እንደማይሰማ ተወሰነ። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንዲት ተማሪ፣ በአስተማሪዋ ትእዛዝ፣ ለጓደኞቿ ጥሩ አስተያየት በመስጠቷ የሚመሰክርላት ሰው አጣች ማለት ነው። ጓደኞቿን ባትረዳ ኖሮ ምስክሮች ይኖሯት ነበር።

ውሳኔው፦ እሷ የሌላ ተማሪ ድርሰት በመድረስ ጥፋት እንድትባረር፤ ቀለም ቀቢው «ተጽዕኖ የተደረገበት» ስለሆነ ክንዱ ሲድን በድጋሚ እንዲፈተን።

ክንዱ ዳነ። ኃላፊው ቢሮ ውስጥ፣ ጸሐፊዋ እየጠበቀችው፣ ምንም ወረቀት ሳይዝ ተቀመጠ። ርእሱን ራስህ ምረጥ ተባለ። የሽማግሌውን ግድግዳ ጻፈ። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነጻጽሬአቸዋለሁ፦ አልጋው አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ በሩ ላይ የቆሙት ባለቤት አሉ፣ የግድግዳው ልብስም አለ። ሁለተኛው ጥቂት ይረዝማል፤ ጭራው ይሻላል። ኮሚቴው ከፍተኛ ውጤት ሰጠውና፣ «ድርሰቱ የተማሪው የራሱ የፈጠራ ሥራ መሆኑ ተረጋግጧል» ብሎ ፈረመ።

እንግዲህ ኮሚቴው ድርሰቱ የእሱ መሆኑን ያውቃል። በጽሑፍ አረጋግጧል። የእሱ ከሆነ የእሷ አይደለም። የእሷ ካልሆነ የተባረረችበት ጥፋት አልተፈጸመም። ይህን ለመረዳት የዶክትሬት ማዕርግ አያስፈልግም፤ መኖሩም እንዳላገዘ አይተናል።

ይግባኝ ጻፈች። ነርሷ ስሜን ነግራት ረቂቁን ወደ እኔ ቢሮ ይዛ መጣች፤ ከዚያ በፊት አንተዋወቅም። ወንበር ሳበች፤ ወረቀቱን ዘረጋች፤ እኔም እንደ ልማዴ ቀይ ብዕር አነሣሁ።

«እሱን ያስቀምጡልኝ» አለች። «ላንብብልዎ፤ ከዚያ የገባዎትን ይንገሩኝ።»

አስቀመጥኩ። አነበበች። ስትጨርስ የገባኝን ነገርኳት፤ አንድ ቦታ ላይ ንዴቷ ነገሩን እንደ ሸፈነው ነገርኳት። «የት ላይ?» አለች። አሳየኋት። ጥቂት አሰበችና ያንን አንቀጽ በሙሉ ሰረዘችው። የቀረው አንድ ገጽ የማይሞላ፣ አንድም የሚያንስ ወይም የሚበዛ ቃል የሌለበት ጽሑፍ ነበር።

«ያሸንፋሉ ብለው ያስባሉ?» አልኳት።

«ትክክል ነኝ ብዬ አስባለሁ» አለች። «ሌላው የእነሱ ሥራ ነው።»

የመጣው መልስ፣ «ጉዳዩ ቀደም ሲል ውሳኔ ያገኘ በመሆኑ በድጋሚ የሚታይበት ምክንያት አልተገኘም» ይላል። ሁለተኛ ጻፈች፤ ያንኑ ቃል ቀን ለውጠው ላኩላት።

ቀለም ቀቢው በምረቃው ዋዜማ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣ። ልጆቹ ወጥተዋል፤ እሷ ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ታጣብቃለች።

«ወረቀቱን አልቀበልም» አላት። «ሄጄ ፊታቸው ላይ እጥልላቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያፍራሉ!»

«እነሱ? ለምን ያፍራሉ?»

«ጀመርሽ ደግሞ!»

«አዎ፣ ጀመርኩ። እኔም ቀረሁ፣ አንተም ቀረህ፤ ማን ተጠቀመ? አንተ ከተመረቅህ ግን ያ ፊርማቸው ይቆማል። ድርሰቱ ያንተ ነው ብለው ፈርመዋል። እሱን ወረቀት ልትጥልልኝ ነው? ይልቅ ያችን ጣትህን አንሣ፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ እዚህ ጋ ያዝልኝ።»

ያዘላት። ተመረቀም። ዛሬ ሥዕል ያስተምራል፤ በጠየቁት ሁሉ ፊት ጉዳዩን ከነስሞቹ ይናገራል። ለኮሌጁ በጽሑፍም አመልክቷል፤ መልስ አልተሰጠውም።

እናቷ ቅዳሜ ጠዋት ከልማድ የተነሣ አሁንም በማለዳ ይነሣሉ። «ተኚ ልጄ፣ ዛሬ ትምህርት የለሽም» ይሏታል። እሷ ግን አትተኛም። ነርሷና ሌሎች ሁለት የቀድሞ ጓደኞቿ የሚጽፉትን ይዘው ቤቷ ይመጣሉ፤ እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ታዳምጣለች፤ ትጠይቃለች። ማስተማር እንደምትችል ተጠራጥራ አታውቅም፤ እኔም አልጠራጠርም።

ርእሰ መምህርቷ የሦስተኛ ክፍሉን ቦታ እስከሚችሉት ድረስ ይዘው ቆዩ። የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው መቅጠር ግን አይፈቀድላቸውም። ክፍሉ ለሌላ መምህር ተሰጠ። አስተማሪው ዕድገቱን አግኝቶ ያንኑ ትምህርት በዚያው ክፍል ይሰጣል። ኃላፊው ኃላፊ ናቸው። ሁለቱ ውሳኔዎች በኮሌጁ መዝገብ ቤት ይገኛሉ፤ አንደኛው ድርሰቱ የእሷ ነው ይላል፣ ሁለተኛው የእሱ ነው ይላል፤ የመባረሯ ውሳኔ አልተሻረም።